ቅዳሜ የተበየደው ማንጠልጠያ

በጂንካ ነጋሽን የማያውቅ ሰው ቢገኝ እንኳ በሩን ያውቃል። ከድሮው አውሮፕላን ሜዳ ዳር ተነስታችሁ እስከ ገበያው ብትሄዱ፣ ከምታዩት የብረት በርና መስኮት ግማሹ የእሱ እጅ ሥራ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በይዷል። «እኔ የበየድኩትን ዝገት ይበላዋል እንጂ አይላቀቅም» ይላል፣ ያውም ማንም ሳይጠይቀው። ለነገሩ ውሸቱን አይደለም። ትንሽ ጉራ ግን አለበት፤ ሰው ነውና።

እና ያን ዓርብ ጠዋት ላንድክሩዘር ፒካፑን ግቢው ውስጥ በአራት ወፍራም ግንድ ላይ አቁሞ፣ ከሥሯ ተንጋሎ፣ የኋላ ባሌስትራዋን ማንጠልጠያ ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ የሥር አጽም ላይ፣ በግራይንደር ሲቆርጥ የሰፈሩ ሰው በአጥሩ ላይ አንገቱን እያሰገገ ያይ ጀመር። ደፍሮ የገባው ወንድይፍራው ብቻ ነው። ወንድይፍራው መካኒክ ነው፤ ከነጋሽ ጋር በአንድ መዘምራን ውስጥ እየዘመሩ ነው ያደጉት። ስሙ እንዲህ ያስፈራ እንጂ ከእሱ የባሰ ፈሪ በከተማው የለም። ጎማ ሲነፋ እንኳ ፊቱን አዙሮ ነው የሚነፋው።

«ነጋሽ፣ ይሄ በር አይደለም» አለው ቁጢጥ ብሎ።

«ብረት ብረት ነው።»

«በር ቢነቀል ጅብ ነው የሚገባብህ። ይሄ ቢነቀል ገደል የምትገባው አንተ ነህ። ይዘሃት አርባ ምንጭ ሂድ። እዚያ ትልልቅ ጋራዥ አለ፤ ማሽኑም ባለሙያውም አለ።»

«የአርባ ምንጭ በያጅ ከኔ በምን ይበልጣል? ሁለት አፍንጫ አለው?»

ወንድይፍራው ራሱን ነቀነቀ። ግን አልሄደም፤ ቁጢጥ እንዳለ ቁልፍ ያቀብለው ጀመር።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻው የአለምነሽ ወገብ ነው።

አለምነሽ የነጋሽ ሚስት ናት። ለአሥራ አምስት ዓመት ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዲመካ ገበያ እየወረደች ዶቃና ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች፣ ሐመርኛውን ከሐመሮቹ እኩል የምታንበለብል፣ ቁጭ ብሎ መዋል የማይሆንላት ሴት ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ከዲመካ ስትመለስ የተሳፈረችበት የጭነት መኪና ዘሎ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ወገቧ ቀጭ አለ። ሐኪሙ የራጁን ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየና «ከእንግዲህ ከባድ ነገር ማንሳት የለም፣ ኮረኮንች መንገድም የለም» አላት። ያኔ አስፋልቱ ከቀይ አፈር ከተማ ወዲያ አልተሻገረም ነበር። ስለዚህ የአለምነሽም መንገድ ቀይ አፈር ላይ አለቀ።

ይህስ ባልከፋ። ግን ምህረት ከዲመካም ወዲያ፣ ኦሞራቴ ላይ ወለደች። ምህረት አንድዬ ልጃቸው ናት፤ ኦሞራቴ አስተማሪ ሆና ሄዳ፣ እዚያው አግብታ፣ ወንድ ልጅ ወለደች። ባሮክ አሉት። ልጅ ስትወልድ እናት ሄዳ ታርሳለች፤ ይሄ ማንም የሚያውቀው ነው። አለምነሽ ግን ልጇን ያረሰቻት በስልክ ነው። ገንፎው እንዴት እንደሚገነፋ በስልክ፣ የሕፃኑ ሆድ ሲነፋ እንዴት እንደሚታሽ በስልክ። አንድ ቀን ነጋሽ ከሥራ ሲገባ ሕፃኑ በስልኩ ውስጥ ያለቅሳል፤ አለምነሽ ደግሞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ትራስ ታቅፋ፣ «እሽሩሩ» እያለች ትራሱን ታወዛውዛለች። ነጋሽ በሩ ላይ ቆሞ አያት። ሳታየው ተመልሶ ወጣና ግቢው ውስጥ የሌለ ሥራ ሲፈልግ ቆየ።

ሕፃኑ ሦስት ወር ሲሞላው ምህረት ደወለች። «እማ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ባሮክን ቤተክርስቲያን ወስደን ለጌታ እናቀርበዋለን። አንቺ ካልታቀፍሽው ማን ይታቀፈው?»

«አማቶችሽ ይታቀፉት» አለች አለምነሽ፣ ድምፅዋን ደልደል አድርጋ። ስልኩን ዘጋችና ታጥቦ የተደረደረውን ድስት ሁሉ አውርዳ እንደገና አጠበች።

ነጋሽ እኮ መኪና አለው። በርና መስኮት የሚያመላልስባት ፒካፕ። ችግሩ ድርቀቷ ነው። ባሌስትራ ማለት ተደራርቦ የታሰረ የብረት ቅጠል ነው፤ መኪና ጉድጓድ ሲገባ እሱ ይለጠጥና ምቱን ይውጠዋል። የበፊቱ ባለቤት ግን በቆሎ ሊያግዝባት ቅጠል በቅጠል ላይ ጨምሮባት ድንጋይ አድርጓታል። እንዲያም ሆኖ ነጋሽ ሞከረ። ወንበሩ ላይ ስፖንጅ አነጠፈ፣ ከሚስቱ ራስ በላይ የብረት መያዣ በየደላትና ሄዱ። ከቀይ አፈር አልፈው አራት ኪሎ ሜትር አልሄዱም። አለምነሽ መያዣውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ላብ በግንባሯ ይወርዳል፤ «እህ» እንኳ አላለችም። አንድ ትልቅ ግራር ሥር ሲደርሱ ነጋሽ መኪናዋን አዞረ። ሲመለሱ «መኪናህ ጥፋት የለባትም፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለችው። ነጋሽ ከመኪናዋ ጋር የተጣላው ያኔ ነው።

ወንድይፍራው ጋራዥ ጀርባ የአንድ የተገለበጠ መኪና ባሌስትራ ወድቆ ነበር። ከፒካፗ ባሌስትራ በስንዝር ይረዝማል። ረጅም ቅጠል ይለሰልሳል፤ ይሄን ወንድይፍራውም አልካደም። ግን ረጅሙን ለመግጠም ባሌስትራው ከኋላ የሚንጠለጠልበትን ብረት በቀኝም በግራም ከሻንሲው ቆርጦ፣ ስንዝር ወደኋላ ወስዶ እንደገና መበየድ ያስፈልጋል። የመኪናዋ ኋላ ከነጭነቷ በሁለት ብየዳ ላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው። ወንድይፍራው እንቅልፍ ያጣው በዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ መብራቱ ልንገራችሁ፤ እሱን ካላወቃችሁ የኋላው አይገባችሁም። የነጋሽ ግቢ ከኸዲጃ ወፍጮ ቤት ጋር በአንድ የቆርቆሮ አጥር ይዋሰናል፤ የሁለቱም መብራት ከአንድ መስመር ነው የሚመጣው። ኸዲጃ ከወሎ መጥታ ጂንካ ላይ የከበረች፣ ወፍጮዋን እንደ ልጇ የምትወድ ሴት ናት። ያ ወፍጮ ሲነሳ ኃይሉን ሁሉ ጠጥቶ ለነጋሽ ማሽን እንጥፍጣፊውን ነው የሚተውለት። በደከመ መብራት የተበየደ ብረት ደግሞ ክፋቱ መልኩ ነው። ላዩ ያምራል፤ ሥሩ ግን አልገባም። ተለጠፈ እንጂ አልተዋሃደም። ስለዚህ ሁለቱ ጎረቤታሞች ስምምነት አላቸው። ነጋሽ ጠንካራ ብየዳ ሲኖርበት አጥሩን በብረት ሦስቴ ይመታል፤ ኸዲጃ ወፍጮውን ታቆማለች። ሲጨርስ ሁለቴ ይመታል፤ ትቀጥላለች። ለጥንቃቄ ደግሞ ከሥራ ቦታው በላይ አንዲት አምፖል ሰቅሏል፤ ነጭ ከሆነች ይበይዳል፣ ከቀላች ያቆማል። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ሲኖሩ አንድ ቀን ቅር አልተባባሉም።

የቀኙን ዓርብ ዕለት በየደ። አምፖሏ እንደ ወተት ነጭ ነበረች፤ ብየዳውም ልክ እንደ ልቡ ሆነለት።

የግራው ለቅዳሜ ተረፈ። ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነው፤ የወፍጮ ቤቱ ሰልፍ መንገድ ድረስ ይወጣል። ነጋሽ ቅዳሜ ከበር ማጠፊያ በቀር ምንም አይበይድም። «ታዲያ ሰኞ ቢያደርገው ምን ነበረበት?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም እላለሁ! ግን የጓጓ ሰው ምን ይሰማል? አጥሩን ሦስቴ መታ፤ ወፍጮው ዝም አለ። ከመኪናዋ ሥር ገባ። ተንጋሎ ሲበየድ ፍንጣሪው ጆሮ ውስጥ ስለሚገባ ሁለቱንም ጆሮውን በጥጥ ጠቀጠቀ። ከተጋደመበት ደግሞ አምፖሏ አትታይም። መሃል ላይ ኤሌክትሮዱ፣ የሚበይድበት ዘንግ፣ ብረቱ ላይ ሁለቴ ተጣበቀበት። «እርጥበት ነው» አለ፤ ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ተነጫነጨ፣ አላቀቀ፣ ቀጠለ። ሲጨርስ በግራይንደር አለሰለሰው፣ ጥቁር ቀለም ቀባው፣ ወጥቶ ራቅ ብሎ አየው። ሲያምር!

ሰኞ አሥራ ሁለት ጆንያ በቆሎ ጫነባትና በአስፋልቱ ወጣ፣ ወረደ፣ ተመለሰ። ማንጠልጠያዎቹ ፍንክች አላሉም። መኪናዋ እንደ አልጋ ሆናለች። ወንድይፍራው ከሥሯ ገብቶ በባትሪ አይቶ ሲወጣ ጉልበቱን አራገፈና «አፌን ቆርጬ ልጣለው፣ ነጋሽ። ይሄ ሥራ ነው» አለ። ነጋሽ ደረቱን ነፍቶ ያን ቀን ለሰላሳ ሰው ሳያሳይ አልቀረም።

ማክሰኞ ምሳ ላይ አለምነሽ እንጀራውን እየጠቀለለች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«የምህረት አባት፣ ብየዳውን ታምነዋለህ?»

«ምን ማለትሽ ነው? በአንቺ እጫወታለሁ?»

«እንዲያው ነው። አንተ ካመንከው እኔ ሌላ አልጠይቅም።» የጠቀለለችውን አጎረሰችው። ነጋሽ አላመጠ። ያች ኤሌክትሮድ ሁለቴ የተጣበቀችው ትዝ አለችው፤ «እርጥበት ነው» አለ እንደገና በሆዱ፣ ዋጠው።

የመንገዱ ቀን ቅዳሜ ደረሰ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግቢው በሰው ሞላ። የቤተክርስቲያን ሴቶች ሊሸኙ መጥተዋል፤ ለምህረት ቅቤው፣ ማሩ፣ ለሕፃኑ ልብሱ ተጭኗል። አለምነሽ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሿን አስራ ጋቢና ገብታለች። ያችን መያዣ ገና መኪናው ሳይነሳ በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ ፊቷ ግን ፈገግ እንዳለ ነው። ነጋሽ እንዲህ ስትስቅ ካያት ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ሞተሩን አስነሳ። ይኼኔ ኸዲጃ አንድ ልጅ ጆንያ አሸክማ እየሮጠች መጣች።

«ዱቄቱን ረስታችሁ! ወላሂ እናንተ ሰዎች፣ የአራሷን ገንፎ ትታችሁ ልትሄዱ!»

«አመሰግናለሁ ኸዲጃ። መቼ ፈጨሽው ደግሞ?» አለ ነጋሽ፣ ለወሬ ያህል ነው።

«ያን ቅዳሜ ነዋ! አንተ ከመኪናው ሥር ተኝተህ እያለህ።»

ነጋሽ እጁ ማርሹ ላይ ቀረ።

«ሦስቴ አልመታሁም?»

«መታህ እንጂ! የሰው ሁሉ አቆምኩ። የናንተን ብቻ ነው የፈጨሁት። የቤትህ እህል፣ ያውም ለልጅህ! አለምነሽ እህሉን አሸክማ ስትመጣ አንተ የላክሃት መስሎኝ።»

«እኔ ደግሞ አንቺ ከእሱ ጋር የተነጋገርሽ መስሎኝ» አለች አለምነሽ ከጋቢና። «ስንት ሰዓት ፈጀብሽ ኸዲጅዬ? ገብሱም በቆሎውም ነበር እኮ።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ! ለአራስ ብዬ አድቅቄ ነው የፈጨሁት።»

ሴቶቹ ሳቁ። ኸዲጃም ሳቀች። የገባው ሰው አልነበረም፤ ከነጋሽ በቀር። እርጥበት አልነበረም። የገዛ ቤቱ ገብስ ነው መብራቱን የጠጣበት። የግራው ማንጠልጠያ ከነቀለሙ፣ ከነውበቱ፣ ተለጥፎ ነው ያለው።

ሆድ ይፍጀው ብሎ መሄድ ይችል ነበር። አሥራ ሁለት ጆንያ ተሸክሟል አይደል? ቀስ ብሎ ቢነዳስ? ደግሞ ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ ወንድይፍራው እንደ ሙሽራ ሚዜ እየፈነደቀ፣ በዚያ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት… ነጋሽ ይህን ሁሉ አሰበ፤ አላሰበም ብዬ አልዋሽላችሁም። ማርሽም አስገብቶ ነበር። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞር አለ። መያዣውን ጨብጣ ፊት ለፊት መንገዱን ታያለች። ስለ ብየዳው ሌላ አልጠይቅም ብላ ነበር፤ አልጠየቀችም።

ሞተሩን አጠፋው።

«ውረጂ» አላት።

«ምን ሆንክ?»

«ውረጂ፣ አለሜ። በናትሽ።»

ደግፎ አወረዳት። ማንንም ሳያይ ክሪኩን አምጥቶ የመኪናዋን ኋላ አነሳ፣ ግንዱን አስገባ፣ ከቤት ትልቁን መዶሻ ይዞ ወጣና የግራውን ማንጠልጠያ መታው። ግቢው ጮኸ። ማንጠልጠያው ንቅንቅ አላለም። ደገመው።

«ኧረ አንተ ሰውዬ ምን ነካህ? ደህናውን ብረት ልትሰብር ነው!» ወንድይፍራው ራሱን ይዞ ጮኸ።

ሦስተኛውን ሲመታ ቀለሙ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ታየች። አራተኛው ላይ ማንጠልጠያው ከሻንሲው ተላቆ ዱብ አለ። ከሥሩ የወጣው ብረት ልሙጥ ነበር፤ ብየዳ የነካውም አይመስል።

ወንድይፍራው አፉን ከፍቶ የወደቀውን ብረት ያያል። ነጋሽ መዶሻውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ከብረቱ ጠቁሯል።

«መብራቱ ደክሞ ነበር» አለ ሁሉም እንዲሰሙት። «ኤሌክትሮዱ ሲጣበቅብኝ ወጥቼ አምፖሏን ማየት ነበረብኝ። አላየሁም። ቀለም ቀባሁበት።»

«ያ ረቢ! እኔ ነኝ፣ በኔ ነው!» ኸዲጃ ደረቷን መታች። «ያን ዱቄት ምን አስፈጨኝ!»

«አንቺ ምን አደረግሽ? በያጁ እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ ሚስቱን ለማየት አፈረ። «ለምህረት ደውዪላት» አለ መሬት መሬት እያየ። «አንደርስም በያት።»

አለምነሽ ግን ስልኳን አላወጣችም። ወደ ወደቀው ማንጠልጠያ ጠጋ ብላ በእግሯ ጫፍ ገልበጥ አደረገችው፣ አየችው።

«እንደገና ለመበየድ ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?»

«መብራት ካለ ሁለት ሰዓት። ግን ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ አለሜ። ስሚው።» ከአጥሩ ወዲያ የኸዲጃ ወፍጮ ያጓራል፤ ገበያተኛው ከነጋ ተሰልፏል።

አለምነሽ ወደ መኪናዋ ሄደች። ጋቢናውን ከፍታ ለመንገድ ያዘጋጀላትን ስፖንጅ አወጣች። ስፖንጁን በብብቷ ይዛ፣ በዚያች ቀስ ባለች አካሄዷ ከግቢው ወጣች፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ደረሰች፣ ስፖንጁን ደፉ ላይ አነጠፈችና በሩ መሃል ቁጭ አለች።

«ኸዲጃ፣ አጥፊው!»

ኸዲጃ ሮጣ አጠፋችው። ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች ከነጆንያቸው ቆመዋል። አለምነሽ አንዴ በአሪኛ አንዴ በአማርኛ ተናገረቻቸው። «እህቶቼ፣ ባሌ ብየዳ ላይ ነው። እሱ እስኪጨርስ አንድ ፍሬ እህል አይፈጭም።»

«እኔ እኮ ከላይ ከተራራው ነው የወረድኩት!» አለች አንዷ ተቆጥታ። «ልጆቼ ምን ይብሉ?»

«አውቃለሁ እህቴ። እኔ ደግሞ የልጅ ልጄን ሳላየው ሦስት ወሩ ነው። ያንቺን ጀርባ ጆንያ ነው ያደከመው፣ የኔን ወገብ መንገድ ነው የሰበረው። ብየዳው ካልያዘ አልደርስም። ከፈለግሽ ግን በላዬ ተሻግረሽ ግቢ።»

ሴትዮዋ ትንሽ አየቻት። ከዚያ ጆንያዋን አወረደችና «ጠጋ በይ» ብላ ከጎኗ ተቀመጠች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ጆንያቸውን አወረዱ። ጥቂት አጉረመረሙ፤ ትንሽ ቆይተው ግን ስለ ሕፃኑ ይጠይቁ ጀመር፤ ማንን ይመስላል፣ ስንት ኪሎ ነው፣ ጡት ይይዛል ወይ። አለምነሽ ሁሉንም እንዳየችው አድርጋ መለሰችላቸው።

ነጋሽ ተነሳ። አምፖሏን ከነገመዷ አውርዶ መኪናዋ ሥር፣ ከዓይኑ ፊት ሰቀላት። ነጭ ናት። ሁለቱንም ብረት እስኪያበራ ፈገፈገ። ወንድይፍራው ጥጥ ሲያቀብለው «ተወው» አለው። ጆሮው ክፍት እንዲሆን ፈለገ። ፍንጣሪው ሁለቴ ጆሮው ውስጥ ገባበት፤ አንገቱን ደፋ ቀና እያደረገ ያን ችሎ በየደ። አንድ ሰልፍ ብየዳ፣ ቅርፊቱን አንስቶ ማየት፣ ሌላ ሰልፍ። እየቸኮለ አልነበረም። ወንድይፍራው ያ ፈሪው በሆዱ ተኝቶ አብሮት ከሥር ገብቷል፤ «ነጭ ናት፣ ነጭ ናት» እያለ አምፖሏን ይጠብቅለታል።

ብረቱ ቀዝቅዞ ሲያበቃ አለምነሽን ጠሯት። መጣችና ፊት ለፊት ቆመች።

«ምታው» አለች።

ነጋሽ መታ። አራቴ፣ አምስቴ፣ ስድስቴ። መዶሻውን ወንድይፍራው ተቀብሎት እሱም አሥር ጊዜ መታ፤ እጁ ነዝሮት ሲጥለው ብረቱ እዚያው ነበር። ነጋሽ የቀለሙን ቆርቆሮ ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ አለምነሽ ያዘችው።

«ቀለም እንዳትቀባው። እንዲህ እንዳለ ልየው።»

ነጋሽ ወደ አጥሩ ሄዶ ሁለቴ መታ። ወፍጮው ተነሳ፤ ሴቶቹም እልል አሉ።

ከቀይ አፈር ወዲያ ኮረኮንቹ ተቀበላቸው። ነጋሽ ዓይኑ መንገዱ ላይ፣ ጆሮው ግን ከኋላ በግራ በኩል ነው። የተቃጠለው ጆሮው ይለበልበዋል። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል፤ ባሌስትራው ለጥ ይልና ቀና ይላል፤ እሱም ይተነፍሳል። አለምነሽ መያዣውን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። ያን ትልቅ ግራር ሲያልፉ «እዚህ ነበር የተመለስነው» አለች። «እዚህ ነበር» አለ እሱም።

ዲመካ ሲቃረቡ «ሻይ እንጠጣ?» አላት። ዝም አለችው። ደንግጦ ዞር አለ። አለምነሽ ራሷን በሩ ላይ ጥላ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ ተኝታለች። ሁለት እጇ ጭኗ ላይ ነው። መያዣውን ለቃዋለች።

ነጋሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ስትገላበጥ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። የተኛች እንዲመስለው ትንፋሿን ስታስተካክል፣ እሱም የተኛ እንዲመስላት ዝም ሲል ነው ሌሊቱ የሚነጋው። አሁን በዚህ ኮረኮንች ላይ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ስታንኮራፋ ሰማት። መንገዱ በእንባ ደበዘዘበት። ዲመካ መሃል ከገበያ የሚመለስ የፍየል መንጋ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ክላክስ አላደረገም። ቆሞ ፍየሎቹ በሙሉ፣ እያንዳንዳቸው እየተንቀራፈፉ እስኪያልፉ ጠበቀ። ከኋላው የቆመ ሾፌር ክላክሱን ሊያምባርቀው ሲል ነጋሽ አንገቱን አውጥቶ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሻዩን ትቶት አለፈ።

ቱርሚ ሊደርሱ ሲሉ ነቃች።

«ዲመካ ደረስን?»

«አለፍነው።»

«አለፍነው? ሻይ ሳታጠጣኝ?»

«ተኝተሽ ነበር።»

«እኔ? በዚህ መንገድ?» ቀና አለችና ወገቧን በመዳፏ ነካ ነካ አደረገች፣ የእሷ መሆኑን ልታጣራ እንደሆነ ሁሉ። ሜዳውን ስታይ ቆየች።

«የምህረት አባት።»

«እ።»

«ጠዋት ባትመታው ኖሮ እኮ ማንም አያውቅም ነበር።»

ነጋሽ አንድ ጉድጓድ ዞሮ አለፈ።

«አንቺ አምነሽ ተቀምጠሽ ነበራ» አለ።

አለምነሽ አየችው፣ የተቃጠለውን ጆሮውን በጣቷ ጫፍ ነካችለት። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ራሷን ወደ በሩ መለሰች።

«በል እንግዲህ፣ ኦሞራቴ ስንደርስ ቀስቅሰኝ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።